ውሃ መሥሪያ ቤቱ ከነቃ ወዲህ

የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ከድንቁርና የወጣው፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው በተመለሱ ዕለት ነው። እስከዚያች ቀን ሕዝቡ «ነገ ውሃ ስለማይኖር አጠራቅሙ» የሚል ደረቅ ማስታወቂያ በስልኩ እያነበበ፣ ያለ አንዳች ደስታ በርሜሉን ሲሞላ ኖሯል። ያሳዝናል።

«ሰው ልቡ ካልተሰቀለ አያነብም!» አሉ ኃላፊው በስብሰባ ላይ። በማግስቱ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ «ነገ ከቧንቧዎ የሚወጣውን ቢያዩ አያምኑም!» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ሃያ ሺህ ሰው ከፍቶ አየው። በነጋታው ከቧንቧው የወጣው አየር ነበር። ኃላፊው የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ሕዝቡም የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ከራሰ በራ መድኃኒቱና ከአንድ ሳምንት ቦርጭ ማጥፊያው ጋር ደምሮ እየሳቀ ማለፍ ለመደ።

መልካም ነገር ለውጭ ሰው ብቻ አይሰጥምና፣ የውስጥ ደብዳቤም በዚሁ ስልት እንዲጻፍ መመሪያ ተላለፈ። ሐሙስ ጠዋት ከውሃ ምርመራ ክፍል ባለሙያዋ «በትልቁ ማጠራቀሚያ የተገኘው ጉድ!» የሚል መልእክት በኃላፊው ስልክ ገባ። «ልጅቷ ገብቷታል» ብለው ፈገግ አሉና ሳይከፍቱት አለፉት።

ቀትር ላይ የምርመራ ባለሙያዋ እያለከለከች ቢሯቸው ገባች።

«ጋሼ፣ መልእክቴን አላዩትም እንዴ? ፍሳሽ ከመጠጥ ውሃው ጋር ተቀላቅሏል! ውሃውን የምናቋርጥበት መዝጊያ ደግሞ ተበላሽቶ አልዘጋ ብሏል!»

«ታዲያ እንዲህ ብለሽ አትጽፊም?»

«መጀመሪያ እንዲህ ብዬማ ጽፌ ነበር። እርስዎ ርእሱ አይስብም ብለው ሳያነቡ መለሱልኝ።»

ኃላፊው ስልካቸውን አፈፍ አደረጉና «ውሃው ተበክሏል፤ እንዳትጠጡ!» ብለው በገዛ እጃቸው ገጹ ላይ ጻፉ። የመጀመሪያው አስተያየት ወዲያው መጣ፦ «ማጣሪያውን በስንት ልትሸጡልን ነው?» ሁለተኛው፣ «ይቺን እንኳ ነቅተንባታል» ይላል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ሳቀ።

ይሄኔ ልጃቸው ትዝ አለቻቸው። የአምስት ዓመቷ ልጃቸው ከትምህርት ቤት የምትገባበት ሰዓት ነው፤ ስትገባ ደግሞ ቦርሳዋን ሳታወርድ ውሃ ነው የምትለው። ለሚስታቸው ደወሉ።

«ስሚኝ፣ የቧንቧውን ውሃ እንዳታጠጫት! ሰው የሚገድል ነገር ገብቶበታል!»

ኃላፊው አዲስ ርእስ ባወጡ ቁጥር መጀመሪያ ደውለው የሚፈትኑት በሚስታቸው ላይ ነበር። እሷም እንደ ወትሮዋ ጥቂት አሰበችበት።

«ይሄስ ጥሩ ነው። ከትናንቱ ይሻላል።»

«ርእስ አይደለም! ሙች፣ እውነቴን ነው!»

«‹እውነቴን ነው› የምትለዋን አውጣት፤ እሷን ስታይ ነው ሰው የሚጠረጥረው» አለችና ድምጿን ከስልኩ አራቀች። «ነይ እናቴ፣ ብርጭቆሽን አምጪ።»

ቧንቧው ሲከፈት ኃላፊው በስልካቸው ውስጥ ሰሙ።