በከንፈር የተያዘችው ጂግለር

ሞተር የሚፈታ ሰው ሲጠይቁት የማይመልሰው ለምንድን ነው? ንቀት ነው? ወይስ የሚደብቀን መርዶ አለ? እኔን እንደ ዝምታ የሚያስፈራኝ ነገር የለም።

ባለፈው ወደ ዘጌ ስንሻገር፣ ጣና መሀል የጀልባችን ሞተር ሁለት ጊዜ አስሎ ጸጥ አለ። ባለጀልባው ካርቡሬተሩን ፈታ። ቤንዚን የሚያልፍባትን ጂግለር፣ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጠዋን፣ አውጥቶ እፍ አለባት። ከዚያም ውኃ እንዳትገባበት በከንፈሩ ይዞ የቀረውን ይጠርግ ጀመር።

«ይነሳል?» አልሁት። ዝም።

ማዕበሉ ጀልባዋን ወዘወዛት። ዋና አልችልም። «የኔ ወንድም፣ ይነሳል ወይ?» አሁንም ዝም። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ መርጌታ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ እኔ የምፈልገው ግን የእሱን መልስ ነው።

«ሰው አይደለሁም? ይነሳል አይነሳም?» ብዬ ጮህሁ።

ጨዋ ሰው ነው፤ አፈረ። «ይነሳል፣ ጋሼ!» አለኝ።

ጂግለሯ ከከንፈሩ ጠብ አለች። ጣና ዋጣት።

አሁን ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። መርጌታ ዳዊታቸውን አጥፈው ትክ ብለው አዩኝና፣ «ምነው ልጄ፣» አሉኝ፣ «ያችን ነገር አንተ አፍ ውስጥ ባስቀመጣት!»