ፊርማ ያረፈበት ባትሪ

ፋብሪካ ሊሳሳት ይችላል። ሰማይም ቢሆን በመኸር መሀል በረዶ አዝንቦ ሲሳሳት ታይቷል። አቶ ፍቅረሥላሴ ግን «ተመሳሳይ መሆኑን አረጋግጬ ተረክቤያለሁ» ብለው ከፈረሙ ያ ዕቃ ተመሳሳይ ነው። ባይሆን እንኳ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለመመሳሰል መጣር የዕቃው ግዴታ ይሆናል።

አቶ ፍቅረሥላሴ ሮቤ ውስጥ፣ ስሙ ባይጠራ በሚሻል አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመጥረጊያ እስከ ጄኔሬተር ያልቆጠሩት የለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋርጋ አዲስ ድስት ሲገዙ ቂጡ ላይ ቁጥር ሳይጻፍበት እሳት አይነካም ይባላል። ሐሜት አይደለም፤ ድስቱን የተዋሰ ጎረቤት አይቶታል።

መሥሪያ ቤቱ የስንዴ ማሳ ይመዘግባል። መዝጋቢዎቹ ታብሌት ይዘው በየቀበሌው ይዞራሉ፣ የማን ስንዴ እንደደረሰ ያስገባሉ፣ አጫጁ ኮምባይነርም በዚያው ተራ ይላካል። ያልተመዘገበ ተራ የለውም። አምና ለዚህ ሥራ ዐሥራ ሁለት ታብሌት ተገዝቶ ነበር፤ ጠዋት ተከፍቶ እስከ ማታ የማይደክም፣ አንዳንዱማ ሳይሞላ ለማግስቱም የሚተርፍ። ዘንድሮ ስምንት ተጨመረ። ያው ስም፣ ያው ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይም ያችው የምትስቀው ልጅ። አቶ ፍቅረሥላሴ የአምናውንና የዘንድሮውን ካርቶን ጎን ለጎን አቁመው፣ የልጅቷን ጥርስ ሳይቀር ካስተያዩ በኋላ ፈረሙ። ከፈረሙ በኋላ ካርቶኑ ተከፈተ። ከዚያ በእያንዳንዱ ታብሌት ጀርባ ላይ፣ ከታች በኩል፣ የንብረት ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በማይላቀቅ ማጣበቂያ ተለጠፈ።

አዲሶቹ ታብሌቶች ስድስት ሰዓት ሲሆን ይጠፉ ጀመር።

ከስምንቱ ሰባቱ የደረሳቸው ቋሚ ሠራተኞች ነበሩ፤ ታብሌቱ ሲጠፋ አብረውት ወደ ቤት መግባቱን ለመዱና ዝም አሉ። ስምንተኛው የደረሳት ኢየሩስ ግን የኮንትራት ሠራተኛ ናት። ኮንትራቷ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ስለዚህ መሥራት ነበረባት።

ሲናና ወረዳ በኩል አንድ ቀን ኦቦ ለሚ የሚባሉ ገበሬ ማሳቸው ጫፍ ላይ ቆመው ስማቸውን ተናገሩ፣ የአባታቸውን ስም ተናገሩ፣ የማሳቸውን ስፋት ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ታብሌቱ ጨለመ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አስቀየምኩት?»

«ባትሪው አልቆ ነው፣ ኦቦ ለሚ። ነገ በጠዋት መጥቼ እንቀጥላለን።»

«ትናንት ጎረቤቴ ላይም እንዲሁ አድርጓል። ማሎ፣ እባክሽ፣ በወረቀት ጻፊኝ!»

«ወረቀት ቀርቷል። ሥራው ዘምኗል።»

«መዘመኑስ ደግ ነበር» አሉ ኦቦ ለሚ ስንዴያቸውን እያዩ፤ «ምሳ ሰዓት ላይ ባያበቃ።»

ኢየሩስ ከዚያው ቀጥታ ንብረት ክፍል ገባች። አቶ ፍቅረሥላሴ ታብሌቱን ተቀብለው አገላበጡት፣ የለጠፉትን ቁጥር አነበቡ፣ ቁጥሩ በቦታው ስላለ ዕቃው ጤነኛ መሆኑን አረጋገጡ።

«የአምናዎቹ እስከ ማታ ይሠራሉ። ዕቃው አንድ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው አንቺ ላይ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ዘፈን አልከፍትበት፣ ፎቶ አላነሳበት። ብርሃኑን እንኳ ቀንሼ ነው የምሠራው።»

«ቀንሰሽ?» አቶ ፍቅረሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «የመንግሥት ንብረት ላይ ያለ ብርሃን፣ ማን ፈቅዶልሽ ነው የቀነስሽው?»

በማግስቱ «የንብረት አያያዝ ጉድለት» የሚል የመጀመሪያው ደብዳቤ ደረሳት። ሁለተኛው በሳምንቱ ተከተለ። ሦስተኛው ከደረሰ ኮንትራቱ እንደማይታደስ ደንቡ ይደነግጋል፤ ደንቡ ባይደነግግም አቶ ፍቅረሥላሴ ይደነግጋሉ።

ነገሩን በጥልቀት የሚያይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ ባትሪውን መትቶታል ብሎ ወሰነ። ኢየሩስ ታብሌቱን በጋቢ ጠቅልላ እንድትይዝ ታዘዘች። በነጋታው ታብሌቱ ከኢየሩስ የተሻለ ለብሶ ሲናና ገበያ መሀል ታየ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጠፋ። ኮሚቴው እንደገና ተሰብስቦ፣ ሞቆት ነው አለ።

ሦስተኛው ደብዳቤ ተጻፈ። አቶ ፍቅረሥላሴ ግን ሥራ የሚያውቁ ሰው ናቸውና ከመፈረማቸው በፊት ማስረጃውን ምሉዕ ለማድረግ ዕቃውን ወዳቀረበው ነጋዴ ወደ ወዚር ሱቅ ሄዱ።

«ኦቦ ፍቅረሥላሴ! አካም ጂርቱ? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጫ አልፈልግም። ሁለቱ ዙር ታብሌት አንድ መሆኑን በማኅተም ጻፍልኝ።»

ወዚር አንገቱን አከከ። «ስሙ አንድ ነው፣ ሆዱ ነው የተለየው። ፋብሪካው ከአምናው ዙር በኋላ ባትሪውን አሳነሰው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ስሙን አልቀየረ፣ ዋጋውን አልቀየረ። ዋላሂ፣ እኔም ያወቅሁት ገዢ ሱቄ ድረስ መጥቶ ሲሰድበኝ ነው።»

«ምልክት አለው?»

«ጀርባው ላይ፣ ከታች በኩል፣ ከቁጥሩ መጨረሻ አንዲት ፊደል ጨምረዋል። የጤፍ ፍሬ ታህላለች።»

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ፊደል የለም።»

«ከታች በኩል ታዲያ ምን አለ?»

አቶ ፍቅረሥላሴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የንብረት ቁጥር» አሉ።

ወዚር ሳቁን በፎጣው ሸፈነ።

«አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ ስረከብ ለምን አልነገርከኝም?»

«ካርቶኑን ልክፈትልዎ ብዬ አልነበር? የታሸገ ዕቃ ሳይፈረም አይከፈትም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

አቶ ፍቅረሥላሴ ቢሯቸው ተመልሰው፣ በሩን ዘግተው፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ከኢየሩስ ታብሌት ጀርባ የንብረት ቁጥር ላጡ። ማጣበቂያው ጥሩ ስለነበር ሁለት ጥፍር አስከፈላቸው። ፊደሏ ከሥር ነበረች። ከአጠገቧ ያልተፈረመው ሦስተኛ ደብዳቤ ተዘርግቷል፤ የኢየሩስ ስም ላይ ዓይናቸው ሲያርፍ፣ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ክፉ ሰው አልነበሩምና ብዕሩ ከበዳቸው። ተነሥተው ወደ ሥራ ሂደቱ ኃላፊ ወደ አቶ ደጀኔ ገቡ።

«ታብሌቶቹ አይመሳሰሉም» አሉ ቆመው።

«ፊርማዎ ይመሳሰላሉ ይላል።»

«ፊርማዬ ያየው ካርቶኑን ነው።»

አቶ ደጀኔ ሰነዱን አወጡና አዩት። «ከእርስዎ ሥር ያለው ፊርማ የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«የኔ ካርቶኑንም አላየ። በሉ ቀስ ብለን እናስብ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም ካልን ታብሌቱ ላይ ይሆናል። ታብሌቱ ላይ ነው ካልን እኛ ላይ ይሆናል። እኛ ላይ ሊሆን ይችላል?»

«አይችልም» አሉ አቶ ፍቅረሥላሴ በሐቅ። «ግን ልጅቷንም ማባረር ነውር ነው።»

አቶ ደጀኔ ሻይ አስመጡ። ትልቅ ሐሳብ ሲወለድ ሻይ ይቀድመዋል። የወለዱትም አቶ ፍቅረሥላሴ ናቸው፤ ይህን ክብር ማንም አይወስድባቸውም።

«አዲሶቹን እንደ አሮጌዎቹ ማድረግ አንችልም» አሉ። «አሮጌዎቹን እንደ አዲሶቹ ማድረግ ግን እንችላለን።»

«የታብሌት አጠቃቀምን ወጥ ስለማድረግ» የሚለው መመሪያ በሦስተኛው ቀን ወጣ። ሃያዎቹም ታብሌቶች፣ ባትሪ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም፣ ልክ በስድስት ሰዓት እንዲዘጉ ታዘዘ። ተመሳሳይነቱ በዚያው ቀን ተረጋገጠ፤ ፊርማውም እውነት ሆነ። ሦስተኛው ደብዳቤ ተቀደደ። የኢየሩስ ኮንትራት ታደሰ፣ እንዲያውም መመሪያው ሳይወጣ በፊት ሲናና ላይ ስትተገብረው የኖረች አርአያ ሠራተኛ ተብላ ለሌሎቹ ልምድ እንድታካፍል ተጋበዘች።

ስብሰባው ጎባ ነበር። አቶ ደጀኔ ባነር ፊት ቆመው፣ በሩብ ዓመቱ የባትሪ አቤቱታ ወደ ዜሮ መውረዱን፣ የሠራተኛው ድካምም በግማሽ መቀነሱን አበሰሩ። አቶ ፍቅረሥላሴ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ኢየሩስ ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ ልምዷን በአንዲት ጥያቄ አካፈለች።

«ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ስንዴስ እንዴት ይሁን?»

አቶ ደጀኔ ሰዓታቸውን አዩ፤ ስድስት ካምስት ይላል።

«ጥያቄው ለነገ ጠዋት ይያዝ» አሉ፤ ተጨበጨበም።

ሲናና ላይ ግን መመሪያው ያልደረሰው፣ የኮምባይነር ተራም ገና ያላገኘው የኦቦ ለሚ ስንዴ ከስድስት ሰዓት በኋላም መድረሱን ቀጠለ። በስተምሥራቅ የተሰበሰበው ደመናም መመሪያው አልደረሰውም ነበርና፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራውን ጀመረ።