ከጥርሴ ጋር ሊነቀል የነበረው ዓይኔ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥሁ ወዲህ የጻፍሁት ነገር ቢኖር የደንበኞቼን የቀሚስ ልክ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልበል፦ በእኛ አገር ሐኪም ጠፋ የሚል ሰው ውሸታም ነው! ሐኪምስ ሞልቷል... የጎደለው ነጭ ጋወን ብቻ ነው። ካላመናችሁኝ አንድ ጥርስ አስነቅላችሁ የእኛን የአምበር ገበያ አንድ ጊዜ ዙሩት።

የኔ ጥርሶች ሲበቅሉ ሰልፍ አያውቁም ነበር፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተጫነ። ስለዚህ ሳቅ ሲመጣብኝ እጄ ከሳቁ ቀድሞ አፌ ላይ ይደርሳል። በቅርቡ እንደ ምንም ቆርጬ ደብረ ማርቆስ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ።

"ሽቦ እናስርልሻለን፤ መጀመሪያ ግን ከላይ ሁለት ይነቀላል። ቦታ የለም" አለኝ።

ይህን ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ ስንዱ ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ።

"የላይ ጥርስ?! የላይ ጥርስ ሥሩ ዓይን ላይ አይደለም እንዴ! አንች ልጅ፣ እንጀራሽ በመርፌ ጫፍ ላይ ሆኖ..."

"ሐኪሙ አይገናኝም ብሏል እኮ፣ እትዬ።"

"እሱ ምን ቸገረው! ዓይኑ ያንች፣ ጉጠቱ የሱ! ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት አንች ነሽ።"

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ። ጥልፍ ጠላፊ ነኛ! ያለ ዓይን ምን እሆናለሁ? ከመነቀሌ በፊት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን "እጅዎን ይታጠቡ" አነበብሁ። ከተነቀልሁ በኋላ ደግሜ አነበብሁት። አንድ ፊደል አልጎደለም።

አምበር ስመለስ ግን ምርመራው ተጀመረ። ያገኘኝ ሁሉ ጣቱን ይደቅናል። "ይሄ ስንት ነው?" "ሦስት።" "ይሄስ?" የጎረቤታችን አናጢ መዳፋቸውን ሲዘረጉልኝ "አራት ተኩል" አልሁ። ልክ ነበርሁ፤ ግማሿን መጋዝ ወስዷታል። እሳቸው ግን "አይ ልጅነት!" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እትዬ ደግሞ ምስር እንዳልለቅም ከለከሉኝ። "ዓይንሽን አታድክሚ፤ እኔ እለቅመዋለሁ።"

የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ወጣ። ቀኑ ዓርብ ስለነበር ወጡ ምስር ነው። የንስሐ አባታችን አባ ባርከው፣ ቆርሰው፣ ጎረሱ... ቀጭ! አባ ከአፋቸው ያወጡት ጠጠር እንዳይመስላችሁ፤ ለቤት መሠረት የሚሆን ድንጋይ ነው! የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ያበጠ ጉንጭ ዞረ።

"የላይ ነው አሉ ያስነቀለች... ምስኪን!" አለ አንድ ሰው።

እኔ እትዬን አየሁ። እትዬ ጣሪያውን አዩ። በሰው ፊት ውኃ እንኳ መጠየቅ የማልችለው እኔ፣ "እኔ አይደለሁም" ልል ነው?

ሰኞ ከማኅበርተኞቹ አንዷ ወይዘሮ ብርነሽ መጡ። የልጃቸውን የሠርግ ቀሚስ እየጠለፍሁላቸው ነበር፤ ገና እኩሌታው ላይ ነኝ።

"ቀሚሱን ስጭኝ፣ ልጄ። እግዜር ይማርሽ፤ ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው።"

እሳቸው ከወሰዱ ሌላውም ተከትሎ እንደሚወስድ አውቃለሁ።

"ዓይኔ ደህና ነው" አልሁ፣ ለራሴም በማይሰማኝ ድምፅ።

"እንግዲያው ክር አስገቢና ልይሽ።"

እያዩኝ! አንዴ ሳትሁ፤ ሁለቴ ሳትሁ።

"ይኸው!" አሉ ወይዘሮ ብርነሽ።

ይህን ጊዜ እትዬ ከጥግ ተነሡ። "መርፌው ነው የጠበበው! ወዲህ አምጭው!" ክሩን በምራቃቸው አሹት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን ዘረጉና ከመርፌው ስንዝር ርቀው አየሩን ወጉት።

"ገባ!" አሉ በኩራት። ክሩ መሬት ላይ ነው።

ወይዘሮ ብርነሽ ክሩን አዩ፤ እትዬን አዩ። "እትዬ ስንዱ... ያን ምስር የለቀመው ማን ነበር?"

እትዬ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ ቀሚሱን፣ በመጨረሻ እኔን አዩ። "እኔ ነኝ" አሉ፣ ልክ ንስሐ እንደሚገባ ሰው።

ሳቄ አመለጠኝ! ሁለት እጆቼ ቀሚሱን ስለያዙ አፌን የሚሸፍን አልነበረም። ወይዘሮ ብርነሽም ሳቁ። ማንም እኔን በማያይበት በዚያች ቅጽበት መርፌውን አነሣሁና ክሩን ባንድ ጊዜ አስገባሁት። ቀሚሱም ቀረልኝ።

እትዬ እንግዳዋን ሸኝተው በሩን ዘጉና ያስምሉኝ ጀመር። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ እስከ ዛሬ በአፌ ለማንም አልተነፈስሁም። በጽሑፍ ግን... ይህን የሚያህል ደቃቅ ፊደል እትዬ እንደማያዩት እናንተም አሁን ታውቃላችሁ። ያኔ በሩ ሥር ቆመው፣ ወደ እኔ መስሏቸው ወደ ምሰሶው ጣታቸውን ቀስረው፣ እንዲህ ነበር ያሉኝ፦

"አባ እንዳይሰሙ! ደብረ ማርቆስ ስትሄጅ፣ ጥርስሽን ሲያስሩ አፍሽንም አብረው እንዲያስሩት ንገሪያቸው!"