ቀለሙ መመሪያ አላከበረም

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ በሥነ ጥበብ ዘርፍ ያስመዘገቡትን አንጸባራቂ ውጤት ሳልመሰክር ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

አንድ ቀን በስልካቸው የአራት ደቂቃ ቪዲዮ አዩ። በአልኮል የቀጠነ ቀለም ነጭ ሴራሚክ ላይ ጠብ ይደረጋል፣ በመጠጫ ስትሮ እፍ ይባላል፣ አበባ ይወጣል። ማንኛውም ጀማሪ ይችለዋል ይላል ቪዲዮው። ሥራ አስኪያጃችን ግን ራሳቸውን ከጀማሪ ስለማይቆጥሩ ሰባት አባላት ያሉት ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋሙ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ፤ ዕድሌ ነው።

ከዘጠኝ ስብሰባ በኋላ ሰማያዊው ወደ ቀኝ፣ ቀዩ ወደ ግራ እንዲፈስ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሥራ አስኪያጁ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠብ አደረጉ። ሰማያዊው እቴ! ቀጥ ብሎ ወደ ግራ ሄደ።

«ማን ፈቅዶለት ነው?» አሉ።

«ክቡርነትዎ፣ ለቤቱ አዲስ ስለሆነ ይሆናል» አልኩ።

አልኮል ጨመሩበት፣ በጣታቸው ገፉት፣ ተቆጡት። በመጨረሻ ሁሉም ተደባልቆ ጭቃ መሰለ። አጨበጨብን። ምን ይደረግ፣ ልጆች አሉን።

በማግስቱ እንግዶች ስለሚመጡ ሥዕሉ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠ። ጠዋት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የፅዳት ሠራተኛችን ገቡ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። ሴራሚኩን አይተው አዘኑለት፤ በአልኮል ውልውል አድርገው አበሩት።

«ሥዕሌስ?» ብለው ጮኹ ሥራ አስኪያጁ።

«የቱ ጌታዬ? ያ የተደፋው ነገር?»

«የስንብት ደብዳቤ ጻፍ!» አሉኝ።

«ኧረ በፈጠረዎት! በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?» አሉ እትዬ። አንጀቴን በሉት፤ መጻፌን ግን አላቆምኩም።

በዚህ መሃል እንግዶቹ በር ላይ ናቸው ተባለ። እትዬ እንባቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ከተረፈው ከሰማያዊውም ከቀዩም ሴራሚኩ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉ፣ አንዴ እፍ አሉና ተዉት። ቀለሙ በራሱ ጊዜ ተዘርግቶ አበባ ሆነ። ጉድ ነው! ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ስንት ጊዜ ወሰደ?»

«ሦስት ወር» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ በትሕትና አንገታቸውን ሰበር አድርገው።

ከሰዓት በኋላ ስንብቱ በታላቅ ርኅራኄ ታገደ። እትዬ ግን ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው በሚሰጡት የጀማሪዎች ሥልጠና ገብተው ማለፍ አለባቸው፤ ከወደቁ ይሰናበታሉ። በመጀመሪያው ፈተና አበባ ሠሩ። ከመቶ አርባ አንድ። አስተያየት፦ «ሠልጣኟ ቀለሙን ያለ ቅድመ ፈቃድ እንዲሄድ ይተዉታል።»

አንድ ፈተና ብቻ ቀራቸው። እኔ በእሳቸው ፈንታ እንቅልፍ አጣሁ።

በሁለተኛው ፈተና እትዬ አልኮሉን ገለበጡት፣ በጣታቸው ገፉት፣ ሲያሻቸውም ተቆጡት። ጭቃ፣ ጥርት ያለ ጭቃ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ እንባ አቀረሩ። «አሁን ገና ገባዎት!» ብለው ዘጠና ስምንት ሰጧቸው፤ ሁለቷን ለራሳቸው አስቀሩ።

ኮሪደር ላይ ጠብቄ፣ «እትዬ፣ ያ የመሰለ አበባ የት ገባ?» አልኳቸው።

ግራ ቀኝ አይተው፣ «ተወኝ ልጄ» አሉኝ፣ «አበባውማ ሊያስባርረኝ ነበር።»