ባትሪ ተሸክመው የሚያስቀድሱት ጋሽ አድማሴ

«ሦስተኛውን ቁልፍ ሳትቆልፍ ሄድክ! ልታዘርፈኝ ነው አንተ?»

«ጋሼ፣ ሽንቴን ልሸና ነው የሄድኩት።»

«ሌባ ሽንትህን እስክትጨርስ ቆሞ ይጠብቅሃል?»

ሌባን ከሌባው እናት በላይ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የፍኖተ ሰላሙ ክቡር ጋሽ አድማሴ ናቸው። ባጃጇ የሳቸው፣ ሹፌሩ እኔ እጅጉ። ትምህርቱን ከስምንተኛ አቋርጫለሁ፤ ጋሽ አድማሴን በመምሰል ግን ዲግሪ አለኝ። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ «ጠርጥር! ከገንፎ መሀል አይጠፋም ስንጥር» እያልኩ፣ እንደሳቸው መቆለፉን ለማረጋገጥ ቁልፍ ሦስቴ ስጎትት መናኸሪያው በሳቅ ይፈርሳል።

ባጃጇ የምታድርበትን ቆርቆሮ ቤት ከቡሬ በያጅ አስመጥተው የብረት በር አሠሩለት። በያጁ ጨርሶ ሲሄድ «አሠራሩን አይቶታል» ብለው ቁልፉን በሙሉ ቀየሩ። ውሻ ገዙ፤ ሌባ እንዳይወስደው ውሻውንም ቆለፉበት። በአንድ ለአምስት ስብሰባ ስለ ማዳበሪያ ሲወራ እጃቸውን አውጥተው ስለ ሰንሰለት ተናገሩ።

የኅዳር ማርያም ለት ደግሞ የባጃጇን ባትሪ ፈትተው፣ በጋቢ ጠቅልለው ይዘዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ደጅ እንዳይተዋት ጫማም ይሰረቃል። ከስለት ጃንጥላና ምንጣፍ አጠገብ አስቀምጠው ሊሰግዱ ጎንበስ አሉ። ስለት ተቀባዩ አይቷቸው ኖሮ፣ ቀና ሳይሉ በድምፅ ማጉያው «ወንድማችን አድማሴ ለእመቤታችን አንድ ባትሪ!» አለ። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። እልል ከተባለ በኋላ «የለም፣ እንዳትሰረቅብኝ ነው ያመጣኋት» የሚል ወንድ አለ? ላብ አጠመቃቸው፤ «አሜን» አሉ።

የእኔም እንጀራ አብሮ ስለት ገባ። ባጃጇ ካልተገፋች አትነሳም፤ ገፍቶ የሚሳፈር ደግሞ የለም፤ ሁሉም ወደ ፈረስ ጋሪ ዞረ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሯቸው፤ ይመልሱልዎታል።»

«ከማርያም እጅ ልቀማ? ያኔ ሌባው እኔ ልሆን!»

አዲስ ግን አይገዙም። መብራት ሲጠፋ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሚሠራው በዚያችው ባትሪ ነው፤ ያለችበትን ሳጥን በራሳቸው ቁልፍ ቆለፉት። በየቀኑ ሰርክ ጸሎት ላይ ሄደው ሦስቴ ጎትተው ይመለሳሉ። ዲያቆኑም መብራት በጠፋ ቁጥር ቁልፍ ፍለጋ ወደ ጋሼ ይሮጣል።

ተወራረድን። እስከ ጥምቀት አንድ ሰርክ እንኳ ሳይጎትቱ ካሳለፉ እሳቸውን መምሰል አቆማለሁ፤ ካልቻሉ ባትሪ ይገዛሉ።

ትናንት ወገባቸው ያዛቸውና ተኝተው ዋሉ። ዛሬ ገና ከመነሳታቸው ነው ያ የባጃጇ ቤት የሦስተኛው ቁልፍ ጭቅጭቅ።

«ደግሞም ተረትተሃል! ትናንት አልጎተትኩም!»

«ተጎትቷል ጋሼ። እኔ ሄጄ ጎትቼዋለሁ።»

እውነቴን ነው። ሰርክ ላይ እግሬ ወደ ሳጥኑ ወሰደኝ። አጠገቤ የሚስቅ አንድ ሰው ሳይኖር ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አንተ ጎተትክ እንጂ እኔ መች ጎተትኩ!»

«እርስዎን ሆኜ ነው የጎተትኩት። በእርስዎ ይቆጠራል።»

«አይቆጠርም!»

«ይቆጠራል!»

ዙሪያቸውን ቃኙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ስንቴ ጎተትከው?»

«ሦስቴ።»

«አበጀህ» አሉ። «ግን አይቆጠርም።»