የክራኮቭ አምባሳደር በካሮልተን

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ለቅሶም ይሁን ሰርግ፣ አንድ ጊዜ ሌላ አገር ኖሮ ከዚያ አገር እስካሁን ያልተመለሰ ሰው አይጠፋም። ሥጋው መጥቷል። ግብር ይከፍላል፣ መኪና ይነዳል፤ አፉ ግን እዚያው ቀርቷል። አንዱ ከሞስኮ አልተመለሰም፣ ሌላው ከኩባ። ቴክሳስ ውስጥ፣ በካሮልተኑ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ እንየው ናቸው። የፖላንዷ ከተማ የክራኮቭ ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ መቀመጫቸው ግራንድ ፕሬሪ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ።

ከበቡሽ እኚህን ሰው ስትሸሽ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እሑድ ጠዋት ፓርኪንጉ ላይ ሰማያዊ ካምሪያቸውን ካየች በጎን በር ትገባለች። ክፉ ሴት ስላልሆነች ይጸጽታታል፣ ግን ትገባለች። ምን ታድርግ? ስለ ቴክሳስ ሙቀት ብታነሣ፣ "ክራኮቭ እያለሁ በረዶው እዚህ ድረስ ነበር" ብለው ጉልበታቸውን ያሳያሉ። ስለ ጎመን ብታነሣ የፖላንድ ጎመን ይመጣል። የፓስተሩ እናት ያረፉ ጊዜ እንኳ፣ ለቀስተኛው ዝም ባለበት፣ "ክራኮቭ ውስጥ ንጉሥ ሲሞት" ብለው ጀምረው ነበር።

ከሁሉም የሰለቻት የመለከተኛው ወሬ ነው። ከተማው መሐል ሰፊ አደባባይ አለ፣ አደባባዩ ላይ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከማማው ላይ በየሰዓቱ አንድ ሰው መለከት ይነፋል። እስከዚህ ድረስ ከበቡሽ በቃሏ ታውቀዋለች። ከዚህ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ሰው ግን በመላው ዳላስ የለም። እንየው እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ አንድ ሰው "በሉ እንግዲህ፣ ነገ ሥራ አለ" ብሎ ይነሣል።

ይህ ሁሉ እስከ 2008 ሜይ ድረስ መሳቂያ ነበር።

የከበቡሽ አንድ ልጇ ሩሐማ፣ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ እንዳለች ነው። ባዮሎጂ በማዕረግ ጨርሳ ብታመለክት፣ ያመለከተችባቸው የቴክሳስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓመት ተከታትለው አልተቀበሏትም። በመጨረሻ አንድ ደብዳቤ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ መጣ። ከፖላንድ። አባቷ ጳውሎስ የኤርፖርት ታክሲ ሹፌር ነውና ደብዳቤውን ሁለቴ አገላብጦ፣ ከፖላንድ ወደ አሜሪካ የሚመጣ ሰው ሞልቷል፣ ከአሜሪካ ወደ ፖላንድ ትምህርት ፍለጋ የሚሄድ ግን በሃያ ዓመት አንድም ጭኜ አላውቅም አለ። ከበቡሽም ከባሏ ጎን ቆመች። አንድ ልጅ አላት፤ ለማያውቁት አገር አትሰጣትም። ሩሐማ አላለቀሰችም፣ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። መልሷ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

በሳምንቱ አቶ እንየው ደወሉ። ክራኮቭን ሳያነሡ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ በሩሐማ ጉዳይ ከሁለት ወንድሞች ጋር ሽማግሌ ሆነው ቅዳሜ እንደሚመጡ ተናግረው ዘጉ።

ከበቡሽ ስልኩን እንደያዘች ቁጭ አለች። ልጅቷ ከቤት ለመውጣት ስትል ባል አግኝታለች ማለት ነው! ማን ይሆን? የመዘምራኑ ናኦድ? እየተናደደች ቤቱን አጸዳች፣ መጋረጃ ቀየረች፣ ጳውሎስን ሱፍ አስለበሰች። ሐቁን ለመናገር፣ ዓርብ ማታ ለናኦድ ልቧ መራራት ጀምሮ ነበር።

ቅዳሜ ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ፣ ልመናችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እንየው ከረባታቸውን አጥብቀው ልጃችሁን ልንለምን ነው የመጣነው ሲሉ፣ ጳውሎስ ጉሮሮውን ጠርጎ ወጉ እንደሚያዘው ጠየቀ።

"ለመሆኑ ዕድሜው ስንት ነው?"

"ስድስት መቶ አርባ አራት" አሉ እንየው።

ሙሽራውን እንደ ደንቡ አስተዋወቁ። ስሙ ያጊየሎኒያን ዩኒቨርሲቲ ይባላል፤ ያን ደብዳቤ የላከው የክራኮቭ ትምህርት ቤት ነው። ዘሩን ለጠየቀ፣ ያቋቋመው ንጉሥ ነው። ምድር ፀሐይን እንደምትዞር ያስተማረው ኮፐርኒከስ የዚያው ቤት ልጅ ነው። ቤተሰቡ ሰፊ ነው፣ ከአርባ ሺህ ተማሪ ይበልጣል። ሕክምናን በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ሩሐማም ስትመለስ እዚህ የተማሩት የሚፈተኑትን ፈተና ትፈተናለች። ሰፈሩም ቢሆን ወንዝ አለው፣ በወንዙ ዳር ቤተ መንግሥት፣ ከቤተ መንግሥቱ ሥር ዘንዶ ይኖርበት ነበር የሚባል ዋሻ። መኪና የማያስፈልግበት ከተማ ነው ሲሉ ጳውሎስ ሳያስበው ቀና አለ።

ከበቡሽ ግን ኩሽናው በር ላይ ወደ ቆመችው ሩሐማ ዞረች። "አንቺ ነሽ የላክሻቸው?"

"ማሚ፣ ማለቴ፣ ሽማግሌ ሲመጣ እምቢ ማለት ነውር ነው ብለሽኝ የለ? ሶ ለምን ለማግባት ብቻ ይሆናል? እኔ የምፈልገው ይሄን ነው።"

ከበቡሽ በገዛ ቃሏ ተያዘች። የተያዘ ሰው ደግሞ ይናከሳል።

"ወንድም እንየው፣ እርስዎ እዚያ ተምረው ዛሬ ካርቶን ነው የሚደረድሩት። ለልጄ የሚመኙላት ይሄን ነው?"

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወለል ወለሉን አየ።

"ካርቶን የምደረድረው እዚህ ነው፣ እህት ከበቡሽ። እዚያ ኬሚስት ነበርኩ። የእኔን ወረቀት እዚህ ያነበበልኝ የለም፣ ስለ እሱም የጠየቀኝ የለም። ለዚህ ነው ሳልጠየቅ የማወራው። የእሷን ግን ያነቡታል። አጣርቻለሁ።"

ከበቡሽ አፈረች፤ ከእግር እስከ ራሷ አፈረች። አሥራ አንድ ዓመት የገባችበት የጎን በር ትዝ አላት። በሕይወቷ እጠይቀዋለሁ ብላ ያላሰበችውን ጠየቀች።

"ያ መለከተኛ መጨረሻው ምንድን ነው?"

"አይጨርስም" አሉ እንየው። ድሮ ጠላት ሲመጣ አይቶ ሊያስጠነቅቅ ሲነፋ ቀስት ጉሮሮው ላይ መታው ይባላል። ዜማው ዛሬም እዚያችው ላይ ይቆረጣል። "ግን በሚቀጥለው ሰዓት እንደገና ይጀምራል።"

"እንደ እርስዎ" አለች ከበቡሽ፤ ሳቋም ዕንባዋም አብረው መጡ። ባሏን አየችው፣ ባሏም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። "በሉ እንግዲህ ተቀመጡ።"

ከሽማግሌ ጋር የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሩሐማ ከኩሽናው በር ሮጣ መጥታ የእንየውን ጉልበት ልትስም ስትል ከረባታቸውን ይዛ ልታንቃቸው ነበር።

ኦክቶበር ላይ አንድ እሑድ፣ አምልኮ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከበቡሽ መኪናዋን ከሰማያዊው ካምሪ ጎን ፓርክ አደረገች። ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የእንየውን መስኮት አንኳኳች፣ ሲወርዱም ሰጠቻቸው። ሩሐማ አደባባዩ ላይ ቆማ ስልኳን ወደ ማማው ይዛለች፤ እዚያ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አምባሳደሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። መለከቱ ቀጭን ሆኖ መጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ተቆረጠ።

እንየው አልተናገሩም። በካሮልተን ታሪክ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ከውስጥ መዝሙሩ ጀመረ፣ ሰዉም እየተጣደፈ ገባ። ከበቡሽ ቦርሳዋን ካምሪው ላይ አሳረፈች።

"እስኪ ስለዚያ ጎመን ይንገሩኝ" አለች።