ወንድም ታምራት ያስቀመጠልኝ ቁልፍ

እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው እንግሊዝኛውን አስተካክሎ እንዲጽፍ መጠበቅ ጥጋብ ነው እንዴ? እኔ እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። ልብስ ሰፊ አንዱን እጅጌ ቢያሳጥርባችሁ ትመልሱለታላችሁ። እዚህ ጁባ፣ ጀበል ገበያ ባለችው ምግብ ቤቴ ሽሮዬ ጨው ከበዛበት ደንበኛው ፊት ለፊት ነው የሚነግረኝ፤ "እህቴ፣ ባሕሩን ገለበጥሽበት?" ይለኛል። ለአስተማሪ ሲሆን ግን ዝም በሉ ይባላል።

ከታኅሣሡ ተኩስ በኋላ የሰፈራችን አስተማሪዎች ባገኙት አውሮፕላን ወጡ። ልጆቻችንን በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሰብስቦ እንግሊዝኛ የሚያስተምርልን ወንድም ታምራት ብቻ ነው። የሚጽፍበት ሰሌዳ ታዲያ እሁድም እዚያው ቆሞ ይውላል። አንድ እሁድ፣ ቶንፒንግ ሰፈር የውጭ ድርጅት ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ዘማሪ ቀና ብላ አነበበችውና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

"ምነው?" አልኳት።

"ግማሹ ስህተት ነው።"

እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም፤ የልጄን የሶስናን ጽሑፍ ማረም አልችልም። እሱ ካሳሳታት ማን ይመልስልኛል?

ለሴቶች የጸሎት ኅብረት ተናገርኩ። እኛ ዘንድ ደግሞ ወንድምን መውቀስ ሐሜት ነው፤ ይጸለይበታል እንጂ አይወራም። ተጸለየበት። የተጸለየው ግን ለእሱ እንግሊዝኛ ሳይሆን ለእኔ ምሬት ነው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ሲያበቁ አንዷ ከኋላዬ "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አለች። አሜን አላልኩም።

በማግስቱ ወንድም ታምራት ወሬው ደርሶት ምግብ ቤቴ መጣ፤ ሽሮ አዝዞ ጥርግ አድርጎ በላ።

"የሶስና እናት፣ እኔ እኮ ሾፌር ነኝ" አለኝ። "ልጆቹ መንገድ ላይ ወታደር ሲያዩ እንዳይውሉ ብዬ ነው የገባሁት።"

"ታዲያ ሳትጽፍ በፊት ዘማሪዋን አትጠይቃትም?"

"እየሳቀችብኝ?"

የአዳራሹን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "የሚሻል ካገኘሽ ስጪው። ማፊ ሙሽኪላ።" ችግር የለም ማለቱ ነው፤ ጁባ ላይ ይህ የሚባለው ችግር ሲኖር ነው።

ሲወጣ ድስቱን ቀመስኩ። በጭንቀት ጨዉን ሁለቴ ጨምሬዋለሁ። ሰውዬው ቃል ሳይተነፍስ ጨርሶታል። ይኼም የእሱ ጥፋት ነው፤ ቢናገር አስተካክለው ነበር።

ሰኞ ልጆቹ ይመጣሉ፤ የሚሻል ሰው የለም። ይቅርታ አልጠይቅም፣ ያልኩት ልክ ነው። ግን እኔ ልክ ሆኜ ልጄ መንገድ ላይ ብትቀርስ? እስቲ ምከሩኝ፤ አንገት ሳይደፉ ቁልፍ የሚመለሰው እንዴት ነው?